ወደ ዓባይ ማዶ

ዛሬ ማታ ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ የሚሄድ ባጃጅ ስጠብቅ ብዙ ቆምኩ። አጠገቤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ትጠብቃለች። የሚመጣው ሁሉ በኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ይላል። በዚያ መሃል የቤት መኪኖች አንድ አንድ ሰው ብቻ ይዘው በፊታችን ያልፋሉ። አንጀቴ አረረ።

"እህቴ፣ ለምን ኮንትራቱን ተካፍለን አንሄድም?" አልኳት። አንድ ተማሪ ሰማንና "እኔም አለሁበት" አለ። ለሦስት ሲካፈል ሒሳቡ አልከበደንም። ሹፌሩም ደስ ብሎት ወሰደን።

መንገዳችን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ነበር። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ይሄ በጣም ያስደስተኛል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብዙዎቻችን ያደግነው ብስክሌት እየነዳን ነው። ግን ወላጅ ልጁን በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚልከው፣ መስመሩ ከድልድዩ አልፎ እስከ ሰፈር ድረስ ከመኪና ተለይቶ ሲቀጥል ነው። የዛፍ ጥላ ቢኖረውማ እንዴት ጥሩ ነበር!

ብስክሌት መንዳት ለማይችሉት ደግሞ ማታ ማታ ከገበያው የሚነሳ፣ መስመሩና ታሪፉ የታወቀ ሚኒባስ ያስፈልጋል። ዕቃ የያዘች እናት በጨለማ ዋጋ መከራከር የለባትም።

ዓባይ ማዶ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ከሥራ ስትወጡ መኪናችሁ ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ሰዓታችሁን እዚህ ሥር ጻፉልኝ፤ እኔ አገናኛችኋለሁ።