ከየት የመጣ 500 ኦም ነው?

የቴቨኒንን ሕግ (የባትሪና የሬዚስተር ሰርኪትን በአንድ ቮልቴጅ ምንጭና በአንድ ሬዚስተር፣ ማለትም በአቻው፣ መተካት ይቻላል የሚለውን) ክፍል ውስጥ ስንቴ አስልቼዋለሁ፤ ሽቦ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ኪሎ በተከራየኋት ክፍል ብሬድቦርዴን (ያለ ብየዳ ሰርኪት የሚሰካበትን ሰሌዳ) ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ቴቨኒን እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው ነገር በእኔ አሮጌ የ9 ቮልት አዳፕተር ይሠራ እንደሁ ልየው ብዬ።

ሁለት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች 9 ቮልቱን እኩል ይካፈሉታል፤ ከመሃላቸው በ470 ኦም በኩል ይወጣል። ጫፉን ባዶውን ስለካው 4.5 ቮልት፤ እሰየው። የአዳፕተሩን ሽቦዎች ከቦርዱ ነቅዬ ኦሙን ስለካ 1470። እንግዲህ አቻው ይኸው ነው ብዬ፣ ያገለገሉ ሦስት ባትሪ ድንጋዮች ደርድሬ (ልክ 4.5 ሰጡኝ) ከ1470 ኦም ጋር ገጣጠምኩ። ባዶውን ሁለቱም 4.5። 1 ኪሎ ኦም ሎድ (ኃይሉን የሚወስድ ሬዚስተር) ስጭንባቸው ግን ዋናው 2.28፣ አቻ ተብዬው 1.82!

ቴስተሩን ጠረጠርኩ። ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ቀለማቸውን አነበብኩ። ምንም የለም። በመጨረሻ ቦርዱን ይዤ አራት ኪሎ ሬዲዮ ወደሚጠግኑ አንድ ጋሼ ወረድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ፣

«አዳፕተሩን ስትነቅል ቦታውን በምን ዘጋኸው?» አሉኝ።

«በምንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያማ አንዱ ሬዚስተር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።»

አዳፕተሩ በነበረበት ቦታ ቁራጭ ሽቦ ሰኩ፤ ቴስተሩ 970 አለ። ሁለቱ ባለ 1 ኪሎ ፓራለል ሆነው 500፣ ሲደመር 470። (አዳፕተሩ ሳይነቀል ይህን ሽቦ እንዳትሰኩ፤ ሾርት ነው።) 1470ውን በ970 ስቀይር አቻውም 2.28 አነበበ።

ከዚያ ከፍተኛውን ኃይል ፍለጋ ገባሁ፤ ሎዱ ከአቻው ሬዚስተር፣ ከ970ው፣ ጋር እኩል ሲሆን ነው ብዙ ኃይል የሚያገኘው። 470 ኦም ሎድ 4.6 ሚሊዋት፣ 1 ኪሎ 5.2፣ 2.2 ኪሎ 4.4። ደስ አለኝ፤ ግን 680 ኦምም 5.1፣ 1.5 ኪሎም 5.0 ሰጡ። ለካስ ሹል ተራራ ሳይሆን አምባ ነው፤ አናቱ ላይ ሆኖ ጫፉን መለየት ያስቸግራል። ደግሞም እዚያ ላይ ከአቻው ምንጭ ኃይል ግማሹ ውስጡ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ መብራት ኃይል በዚህ ስሌት ቢሠራ ጉድ ነበር።

ስለዚህ ዋቱን ትቼ ቮልቴጁን ያዝኩ፤ ሎዱ ከአቻው ሬዚስተር ጋር እኩል ሲሆን ቮልቴጁን እኩል ይካፈሉታልና። ቬሪያብል ሬዚስተር ሎድ አድርጌ፣ ቴስተሩ የ4.5 ግማሹን፣ 2.25 እስኪያሳይ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ሳላነቃንቀው ነቅዬ ለካሁት፤ 968 ኦም።