ቶንሲል የወጣለት ልጅ የሚፈልገው ማስታገሻና ውሃ ነው

ልጅ የቶንሲል ኦፕሬሽን ተደርጎ ቤት ሲገባ ጠያቂው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "አንቲባዮቲክ አዘዙለት?" ነው፣ አላዘዙም ከተባለ ሐኪሙ የበደለው ይመስላቸውና አንዱ ዘመድ ተነስቶ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ይዞ ይመጣል። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ቶንሲሉ ወጥቶለት እኛ ጋ ደብረ ብርሃን ነው ያገገመው፣ ያኔ ያየሁት ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው የምጽፈው።

ሐኪሞቹ ያላዘዙት ረስተው አይደለም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በ2019 ባደሰውም መመሪያ ቶንሲል ለሚወጣላቸው ልጆች እንዲሁ በልማድ አንቲባዮቲክ አይታዘዝ ይላል። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ሕመሙንም መድማቱንም ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አልተገኘም፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስና ሽፍታ ግን ሊያመጣ ይችላል፣ እስቲ አስቡት ጉሮሮው ቆስሎ ውሃ መዋጥ ያቃተው ልጅ ላይ ተቅማጥ ሲጨመርበት።

ሰውን የሚያስደነግጠው የጉሮሮው መልክ ነው። በስልክ መብራት አፉን ከፍተን ስናይ ቶንሲሉ የነበረበት ቦታ ግራና ቀኙ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ነገር ለብሷል፣ ትንፋሹም ይሸታል፣ እማዬ "ውይ ልጄን! መግሏል'ኮ፣ በሉ መድኃኒት ፈልጉለት" ብላ ነጠላዋን አነሳች። መግል አይደለም። ጉልበት ሲላጥ እንደሚይዘው ቅርፊት ነው፣ አፍ ውስጥ ምራቅ ስላለ ሳይደርቅ ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ከሳምንት አካባቢ ጀምሮ ራሱ እየተላቀቀ ይሄዳል። ጆሮዬን አመመኝ ማለቱም ብዙ ጊዜ የጆሮ ኢንፌክሽን ሆኖ አይደለም፣ ጉሮሮንም ጆሮንም የሚያዳርስ ነርቭ ስላለ የጉሮሮው ሕመም ወደዛ ይሰማል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ትንሽ ትኩሳትም ያጋጥማል፣ ከፍ ካለና አልወርድ ካለ ግን ሐኪም ይየው።

ዋናው ማስታገሻው ነው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በልጁ ኪሎ ልክ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን በሰዓቱ ይሰጠው፣ አመመኝ እስኪል አትጠብቁ፣ መጀመሪያ ሰሞን ሌሊትም ቀስቅሱት፣ ምክንያቱም ካመመው አይውጥም፣ ካልዋጠ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደሞ ይብስበታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቅ ስለሆነ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ንጋት ላይ እያለቀሰ ነው የሚነሳው፣ እኛ ማስታገሻውን ሰጥተነው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ውሃ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቀጥሎ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት ወይም እርጎ እንሰጠው ነበር። ሽንቱ ከቀነሰና ከጠቆረ ፈሳሽ አንሶታል ማለት ነው። ቆሎ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ይቆዩ። ኮዴን የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያለበት ሽሮፕ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ አስፕሪንም ለልጅ አይሆንም። ዳማከሴ ጨምቆ በጣት ጉሮሮ መቀባት ደሞ እባካችሁ ይቅር፣ ቁስሉን ነው የሚነካካው።

አንቲባዮቲክ ጭራሽ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም! በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ካልታከመ ልብ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፣ ስለዚህ እዛ ላይ ሲታዘዝ መጨረስ ነው። ከእንዲህ ያለ የጉሮሮ ሕመም የመጣ የልብ ሕመም ኖሮበት በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጋ ልጅም መርፌውን አያቋርጥም፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ለሐኪሙ ይነገር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ደም ነው። አንደኛው አደገኛ ጊዜ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን አካባቢ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ነው፣ ያኔ ብዙ ሰው ልጁ ተሻለው ብሎ ወደ አገሩ ይዞት ይሄዳል። እህቴ የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው፣ በሌሊት ከመንዝ መኪና ፈልጎ በዛ ብርድ ዋናው መንገድ ላይ ጣርማበር ድረስ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ለዛ ነው 2 ሳምንቱ እስኪሞላ እኛ ጋ ይቆይ ብዬ የተከራከርኩት። ከመርሐቤቴም ከሞጃም የምትመጡ፣ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ዘመድ ካላችሁ እዛ አቆዩት።

ቀይ ደም ከተፋ፣ ቡና የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ወይ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ወደፊት ዘንበል ይበልና ደሙን ይትፋው፣ አይዋጠው፣ ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል ሊገባ ስለሚችልም እስኪታይ ድረስ ምግብም ውሃም አትስጡት።