ከአስታው ሥር የሚወርደው ውሃ

ከደሴ ስንነሳ ገና አልነጋም ነበር። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ጠርዝ እየገባ ጣቶቼን ሲያደነዝዘኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ እስከ መካነ ሰላም ድረስ ከየተዳፋቱ ጎርፍ ይወርዳል። ከታረሰ ማሳ አፈር ጠርጎ የሚሄድ ድፍርስ ጎርፍ ነው፤ ካሜራዬን አውጥቼ ላነሳው አልፈለግሁም።

በማግስቱ በጠጠሩ መንገድ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አመራን። የአካባቢው ሰው ዛሬም «ደንቆሮ ጫካ» ይለዋል። ጥዱ እየሳሳ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ እየበዛ ሲመጣ፣ ከአንድ መታጠፊያ ኋላ ፏፏቴው መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀን። ቁመቱ ከሁለት ፎቅ ቤት አይበልጥም። ነገር ግን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ እንኳ ውሃው ጥርት ብሏል፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሰማዩ ደመና ነበር፤ እሰየው አልኩ። ፀሐይ ነጩን ውሃ አንጸባርቃ መልኩን ታጠፋዋለች። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ መጀመሪያ በ1/500 ሰከንድ አነሳሁ፤ ጠብታዎቹ አየር ላይ ደርቀው ቀሩ። በግማሽ ሰከንድ ሳነሳው ደግሞ እንደ ተባዘተ ጥጥ ሆነ፤ ያማረ ነው፣ ግን ክብደት የለውም። የወደድኩት በ1/15 ሰከንድ ያነሳሁትን ነው። እዚያ ላይ ውሃው ይፈሳል፣ ሲወድቅም ድምፁ የሚሰማ ይመስላል። ርጭቱ ሌንሱ ላይ እያረፈ በየፎቶው መካከል መጥረግ ነበረብኝ።

አብረውኝ የመጡት የፓርኩ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «እስቲ አሳየኝ» አሉና አጎንብሰው አዩት።

«ውሃው አምሯል። እናቱን የት ጣልካት?»

በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ከገደሉ አናት ጀምሮ አስታው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከቅርንጫፎቹ ሽበት የመሰለ ነገር ተንዠርግጓል፤ ከሥሩ የጓሳ ሣር አለ።

«ዝናቡን እነዚህ ይጠጡታል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ይለቁታል። ማሳ ቢሆን ኖሮ ትናንት መንገድ ላይ ያየኸውን ታይ ነበር።»

ስንት ፏፏቴ አንስቻለሁ! ሁሉንም ከአናታቸው ቆርጬ ነበር። መንገዱን ተሻግሬ ሰፊውን ሌንስ ገጠምኩ፤ ያን ጊዜ ጉሙ ወርዶ ሁሉንም ሸፈነው።

«ጋሼ፣ አመለጠን» አልኩ።

«አብሽር፣ ይገለጣል።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከጉሙ ውስጥ የጭላዳ ጩኸት ይሰማል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነጩ መጋረጃ ከላይ ጀምሮ ተከፈተ፤ ከፎቶው ሁለት እጁ አስታ ነው፣ ውሃው ከታች እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይታያል። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። ወዲያው ጉሙ ተመልሶ ዘጋው።