በጊጋኸርዝ እኩል፣ በሥራ የተለያዩ፦ የሦስት ፕሮሰሰሮች ሙከራዬ

ባለፉት ሁለት ወራት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤቴ ፕሮሰሰራቸው (ትእዛዞችን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) የተለያየ ሦስት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮችን ሳወዳድር ቆይቻለሁ። አንዱ በ2008 የወጣው የኢንቴል ኮር 2 ዱዎ ኢ8400፣ ሁለተኛው የ2011ዱ ኮር አይ5-2400፣ ሦስተኛው ደግሞ የ2022ቱ ኮር አይ3-12100 ያለባቸው ናቸው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሁለቱ አሮጌዎች የራሴ ሲሆኑ፣ አዲሱን ለገጣፎ ከሚኖር ጓደኛዬ ተውሼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ አምጥቼዋለሁ።

ሦስቱ የተመረጡበት ምክንያት አለ። ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱን ለጊዜው የሚጨምርበት ዘዴ) ከባዮስ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ማስነሻ ፕሮግራም፣ ሲጠፋ አይ5ቱ 3.1፣ አይ3ቱ 3.3 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚመታ) ላይ ይቆማሉ፤ ቱርቦ የሌለው ኢ8400 ደግሞ 3.0 ነው። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ ሁላችንም የምናነሳው «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ይመቻሉ። የዲስክ ልዩነት ውጤቱን እንዳያዛባ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሥርዓተ ክወና) የተጫነበትን አንድ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ከአንዱ እየነቀልኩ ሌላው ላይ እሰካ ነበር፤ አሮጌው የሚነሳው በቀድሞው ባዮስ፣ አዲሱ ደግሞ ባዮስን በተካው ዩኢኤፍአይ ብቻ በመሆኑ ዲስኩን በሁለቱም መንገድ እንዲነሳ ማዘጋጀት አንድ ሙሉ ቅዳሜ በላብኝ። ራሙን (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን) በመጠን 8 ጊጋባይት ባደርገውም እንደየዘመኑ ዲዲአር2፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ስለሆነ በፍጥነት ማስተካከል አልተቻለም።

መጀመሪያ በአንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች በአንዱ) ብቻ የሚሠራ፣ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚቆጥር አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። ኢ8400 በ60 ሰከንድ፣ አይ5ቱ በ41፣ አይ3ቱ በ22 ሰከንድ ጨረሱ። የጊጋኸርዙ ልዩነት አሥር በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ አዲሱ የአሮጌውን ሲሶ በሚጠጋ ጊዜ ጨረሰ ማለት ነው።

ምክንያቱን ሳጠና ያገኘሁት ከቁጥሮቹ ይልቅ አስደስቶኛል። ፕሮሰሰር ትእዛዞችን በመጡበት ተራ ብቻ አይሠራም። ጎበዝ ባለሱቅ አንዱ ደንበኛ ኪሱ ውስጥ ዝርዝር ሲፈልግ ቆሞ እንደማይጠብቀውና የኋለኛውን እንደሚያስተናግድ ሁሉ፣ እሱም መረጃው ያልደረሰለትን ትእዛዝ አቆይቶ የተዘጋጀውን ያስቀድማል። ኮር 2 በዚህ መልኩ በአንድ ጊዜ በእጁ ሊይዝ የሚችለው 96 ትእዛዞችን ነው፤ የአይ5-2400 ትውልድ 168፣ የአይ3-12100 ትውልድ ደግሞ 512 ይይዛል። በዚያ ላይ ኢ8400 ራም ለማግኘት ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሌላ ቺፕ በኩል መዞር ነበረበት፤ በሌሎቹ ሁለት ግን የራም መቆጣጠሪያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገብቷል። ጊጋኸርዝ ብቻውን ምንም እንደማይነግረን ከዚያም በፊት ታይቷል። በ2004 3.8 ጊጋኸርዝ የደረሰው ፔንቲየም 4 ትእዛዞችን በ31 ደረጃዎች ያሳልፍ ስለነበር፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ሲገምት በሳተ ጊዜ ሁሉ ብዙ የተጀመረ ሥራ ይጥል ነበር፤ በ2006 የመጣው ኮር 2 ደረጃዎቹን ወደ 14 አውርዶ በዝቅተኛ ጊጋኸርዝ በልጦታል።

ሁለተኛው ሙከራ ቱርቦው በርቶ የአሥር ደቂቃ የምርቃት ቪዲዮ መጭመቅ ነበር። እዚህ ላይ ስህተት ሠርቻለሁ። አይ5ቱ 14 ደቂቃ ስለፈጀበት «ያረጀ ዕቃ» ብዬ መዝግቤ ነበር፤ የሙቀቱን ንባብ ስከፍት ግን መቶ ዲግሪ ሊደርስ ተቃርቧል። ፌኑን ስፈታው ከሥሩ ያለውን ብረት ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ፣ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተላጦ የሚነሳ የኮረኮንች መንገዳችን አቧራ አገኘሁ። ቴርማል ፔስቱም (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ብረቱ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ነበር። በጥጥና በአልኮል ጠርጌ፣ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አድርጌ ስገጥመው ያው ሥራ በ9 ደቂቃ አለቀ። ፕሮሰሰሩ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር እንጂ አላረጀም። በእኛ ከፍታ ነገሩ ይብሳል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፌን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ኢ8400 ቪዲዮውን በ23 ደቂቃ፣ አይ3ቱ በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጨርሰዋል። በፋብሪካ መግለጫቸው ኢ8400 65 ዋት፣ አይ5ቱ 95፣ አይ3ቱ 60 ዋት ናቸው፤ አይ3ቱ በቱርቦ እስከ 89 ቢወጣም ቶሎ ስለሚያርፍ የሚበላው መብራት በድምር ያንሳል። ለእኔ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ አሮጌው ዩፒኤሴ (የመጠባበቂያ ባትሪዬ) ከአሥር ደቂቃ በላይ አይዝም። በኢ8400 የተጀመረ ሥራ መሀል ላይ ይቀራል፣ አይ5ቱ ለጥቂት ይደርሳል፣ አይ3ቱ ግን ጨርሶ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይተርፈኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አይ5 ላላችሁና ሥራችሁ ጽሑፍና ኢንተርኔት ለሆነ ፕሮሰሰር እንድትቀይሩ አልመክርም። የእኔው በድሮው ሀርድ ዲስክ ለመነሳት ሁለት ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው በኤስኤስዲ ከግማሽ ደቂቃ በታች ወርዷል፤ ለዓመታት በፕሮሰሰሩ ያማረርኩት በዲስኩ ጥፋት ነበር። ዊንዶውስ 11 የግድ ለሚያስፈልገው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ሲሆን የእኔ አይ5 ሁለተኛ ትውልድ ነው።

አይ3ቱን በመጪው ቅዳሜ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ቱርቦውን አጥፍቼ እንዳልመልስለት ክዳኑ ላይ ማስታወሻ ለጥፌያለሁ።