ድሬ ቅርብ ናት፣ ቦሌ ነው ሩቁ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እኛው ሰፈር ነው። የድሬዳዋ አውቶቡሶች ጎህ ሲቀድ በዚያ ያልፋሉ። እኔ ግን ድሬ ያለችው አክስቴ ዘንድ ለመሄድ ጀርባዬን ለድሬ ሰጥቼ ወደ ቦሌ ሄድኩ። በአውሮፕላን ነዋ!

ሒሳቡ ያጓጓል። በአየር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጭሮና በቁልቢ የሚዞረው አስፋልት ግን 500 ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም በረራ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነስቶ ሜዳው ላይ የሚንከባለልበትም ይቆጠራል።

መነሻው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። ቲኬቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር 7 ይላል። ፎቶውን የላኩላት አክስቴ «ምሳ እንዳትበዪ፣ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ ራይድ መጥራት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሹፌር «የት ነሽ?» አለ። «ቱሉ ዲምቱ።» ዘጋው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። በሩ ላይ ስንቆራጠጥ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

«ብቻሽን አትቁሚ ልጄ። ጅቡ ዛሬ ቆሻሻው ጋ ነው።»

«እርስዎ ይግቡ ጋሼ፣ ብርዱ...»

«ብርዱን ለምጄዋለሁ» አሉና ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። አርባ ደቂቃ ያህል! ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን። ጅቡም አልፎ አልፎ ይጮሃል።

አራተኛው ሹፌር መጣ። ስልኬ 900 ምናምን ብር ያሳያል፣ እሱ 1,500 አለ። ለምን ስለው «ሌሊት ነው፣ ጅብ አለ» አለኝ። የጅብ አበል መሆኑ ነው። ምን አማራጭ አለኝ? ከፈልኩ። መንገዱ ጭር ያለ ስለነበር በግማሽ ሰዓት ቦሌ ጣለኝ። ይህን ያህል እንኳ ሊመሰገን ይገባዋል።

በረራውን ብዙም አላስታውሰውም። አውሮፕላኗ ባለ ፕሮፔለሯ ኪው 400 ነበረች፤ ውሃዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ መውረድ ጀመረች። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ልዩነቱን ሰውነት ወዲያው ያውቀዋል። ሹራቤን ያወለቅኩት ከአውሮፕላኑ ስወርድ ደረጃው ላይ ነው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ከዚራ ሰፈር፣ ከእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር። እኛ ሰፈር ጥላ የሚሰጠው ፎቅ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቀን በመብላትና በመተኛት አለቀ።

ስመለስ ቦሌ ያረፍነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዝናብ። ሁለተኛ የጅብ አበል አልከፍልም ብዬ በሚኒባስ ልሂድ አልኩ። የጎሮ ሰልፍ ከሩቅ ይታያል። አንድ ወያላ ከታሪፉ በላይ ጠየቀና ሰው ሁሉ እየተራገመ ገባ፣ እኔም ገባሁ። ኮዬ ላይ ደግሞ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶ ቆየን። ቤቴ ስደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል።

ጥበቃው በሩን ከፈቱልኝ። ከድሬ ያመጣሁትን ሐላዋ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይኼ ጥርስ አይፈልግም?» አሉ፣ ሳቅ ብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።