28 ለ 3 የነበረች ሌሊት

ሱፐር ቦውል፣ የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ፣ በመጣ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንድ ሌሊት አለች። አትላንታ ከገባሁ ገና አምስት ወሬ ነው፣ ፓርኪንግ እሰራለሁ፣ ስለ አሜሪካ ፉትቦል የማውቀው ኳሷ እንቁላል መምሰሏንና በእግር ብዙም እንደማይነኳት ብቻ ነው። ግን ከተማው ሁሉ የራሱን ቡድን ፋልከንስ ፋልከንስ ሲል እኔ ማነኝና ዝም እላለሁ፣ በቃ የአትላንታ ልጅ ሆንኩ።

ፌብሩዋሪ 5፣ 2017 እሁድ ነው፣ በኛ ጥር 28፣ አማኑኤል። በማግስቱ ጾመ ነነዌ ስለሚገባ ክላርክስተን ያከራዩን እማማ ለቅበላ ዶሮ ሰርተዋል፣ እኛ ደሞ ዊንግስ፣ የዶሮ ክንፍ፣ ይዘን ገባን። ጨዋታው ሂውስተን ላይ ከኒው ኢንግላንድ ጋር ነው። ከአራቱ ክፍል ሶስተኛው ኳርተር ላይ አትላንታ 28 ለ 3 እየመራ ነው! እማማ "ቀኑም 28 ነጥቡም 28፣ አማኑኤል ነው የሰጣችሁ" አሉና እልል አሉ። እኔም እዛው አትላንታ ተወልዶ ላደገ የስራ ባልደረባዬ እንኳን ደስ አለህ ብዬ ቴክስት ላኩ። "አፍህን ዝጋ፣ ገና ነው" ብሎ መለሰልኝ። ምን አይነት ሟርተኛ ነው አልኩ።

ከዛ በኋላማ ምን አለፋችሁ። ያ የኒው ኢንግላንዱን ኳስ ወርዋሪ ብራዲን ሲያሯሯጠው የነበረው የአትላንታ ዲፌንስ፣ የሚከላከሉት ልጆች ማለት ነው፣ ግሬዲ ጃሬት ብቻውን ብራዲን 3 ጊዜ የጣለበት ጨዋታ እኮ ነው፣ አራተኛው ኳርተር ላይ ካሜራው ቀረብ ሲያደርጋቸው እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ ልክ እኔ ደብል ሰርቼ ደረጃ ስወጣ እንደምሆነው። 93 ፕሌይ፣ ማለት 93 የማጥቃት ሙከራ ነው ቆመው የተከላከሉት። ሰው ሁሉ እነሱን ይሳደባል፣ እኔ ግን ጉድ የሰራቸው ኦፌንሱ፣ የራሳቸው አጥቂ ክፍል ነው ባይ ነኝ፤ እየመራህ ኳሷን ይዘህ ብትሮጥ ሰዓቱ ይሄድልሃል፣ ዲፌንስህም ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ እነሱ ግን ማጥቃቱን ለመቀጠል አንድ ያርድ ብቻ ሲቀራቸው እንኳ ሊወረውሩ ሲሉ የኒው ኢንግላንዱ ሃይታወር መጥቶ ኳሷን አስጣላቸው። ኋላም የኛው ጁልዮ ጆንስ ያቺን ተአምር የሆነች ኳስ ይዞ የኒው ኢንግላንድ 22 ያርድ ላይ አደረሳቸው፣ አንድ ፊልድ ጎል፣ በእግር የምትመታዋን 3 ነጥብ፣ ቢመቱ አለቀ፣ እነሱ ግን ልወርውር ሲሉ ሳክ (ወርዋሪው ኳሷን እንደያዘ ተጣለ)፣ ከዛ ሆልዲንግ (ተጋጣሚን የመያዝ ፋውል)፣ ከዛ ፐንት (ኳሷን መትተው አስረከቡ)። ኒው ኢንግላንድ 91 ያርድ ሄደው 57 ሰከንድ ሲቀር አገቡ፣ 28 እኩል። ኦቨርታይም ላይ አትላንታ ኳሷን ሳይነካ 34 ለ 28 ተሸነፍን። እኛ ኦቨርታይም ስንቆም ቢያንስ ይከፈለናል። እማማ የአማኑኤልን ነገር ደግመው አላነሱም፣ ዶሮው ቀዝቅዟል።

የሚገርመው የያኔው የአትላንታ አሰልጣኝ ዳን ክዊን ከዛ ሁለት አመት በፊት የሲያትል ዲፌንስ አሰልጣኝ ነበር፣ ያኔም ሱፐር ቦውል ላይ በአራተኛው ኳርተር በ10 ነጥብ እየመሩ ይኸው ብራዲ ነው 28 ለ 24 የነጠቃቸው። አንድ ሰው ሁለቴ!

ሰኞ ጠዋት ስራ ስገባ ለቅሶ ቤት ነው። ያ ባልደረባዬ የተረፈ ዊንግስ በፎይል ጠቅልሎ አምጥቷል፣ ብላ አለኝ። አይ ከዛሬ ጀምሮ ሶስት ቀን ጾም ነኝ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፣ ለካ ለፋልከንስ የምጾም መስሎታል፣ እኔም አላረምኩትም።

"ሶስት ቀን አይበቃም ወንድሜ" አለኝ።