ቆንጆ አድርገው

«ግራፉን የሠራው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት።»

ይህን ስሰማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻ እየበላሁ ነበር። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልዋጠው ወይስ ልትፋው ጨነቀኝ።

ሴሚናሩ ስለ ቫን አለን የጨረር ቀበቶዎች ነበር፤ የምድር ማግኔት ይዞ ያስቀራቸው ኃይለኛ ቅንጣቶች ምድርን የሚከብቡባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የሆኑት፣ ውስጠኛውና ውጨኛው። አቅራቢው አለቃዬ ናቸው፤ ስላይድ ሠሪው እኔ። እዚህ ጅማ የምሠራበት ክፍል ውስጥ የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው።

አለቃዬ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር የሚያወሩት ታሪክ አላቸው። በፈረንጆቹ 1958 የአሜሪካ የመጀመሪያ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 ላይ የተጫነው የጋይገር ቆጣሪ፣ ማለትም የጨረር መቁጠሪያው፣ ከፍ ሲል ዜሮ ማንበብ ጀመረ። ተበላሸ እንዳይባል፣ ዝቅ ሲል ደህና ይቆጥራል። በኋላ ሲጣራ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨረሩ ከመብዛቱ የተነሳ ቆጣሪው መቁጠር አቅቶት ኖሯል። «ዜሮን አትናቁ!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ጥሩ ታሪክ ነው። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ለሴሚናሩ ከመንትዮቹ የቫን አለን ሳተላይቶች የኤሌክትሮን ዳታ አወረድኩ። ሌሊት ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲለቅ። ሳተላይቶቹ የተነሱት ነሐሴ 24 ቀን 2004 ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ወር መረጥኩ። ግራፉን ሳወጣው የውጨኛው ቀበቶ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ከምድር ማዕከል ከ3 እስከ 3.5 የምድር ራዲየስ ላይ አንድ ቀጭን ቀለበት፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ ሌላው። ለአለቃዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ይሄን ስንጥቅ አጥፋልኝ» አሉ።

አጠፋሁት። ምንም አይከብድም። ዳታውን የምከፋፍልበትን የርቀት ስፋት ወደ አንድ የምድር ራዲየስ አሳደግኩት። ሁለቱ ተዋህደው አንድ ወፍራም ቀበቶ ሆኑ። ያምራል።

ሴሚናሩ ላይ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብላ ነው የጠየቀችው፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ይበልጥ ያሳፈረኝ።

«ዶክተር ይቅርታ፣ በዚያ ወር ሦስተኛ ቀበቶ ታይቶ የለም እንዴ? ግራፉ ላይ የት ሄደ?»

ያን ጊዜ ነው «እሱን ጠይቁት» የመጣው።

«የርቀት ክፍሎቹን ትንሽ ሰፋ አድርጌያቸው ነው» አልኩ።

«ምን ያህል?»

«አንድ ራዲየስ።»

«ክፍተቱ ከዚያ አያንስም?»

«ያንሳል።»

ተቀመጠች። አለቃዬ ገና መስማታቸው እንደሆነ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። ዳታ መከበር አለበት» አሉና ቀጥታ ወደ ኤክስፕሎረር 1 ገቡ። ዜሮን አትናቁ። ጣታቸውን ቀስረው። አሥራ ሁለት።

ይበልጥ የሚያንገበግበው ልጅቷ ልክ መሆኗ ነው። ያ ቀለበት የሚታወቅ ነው። አሮጌዋ ሳተላይት ሳምፔክስ ልትወድቅ ስለተቃረበች ከአዲሶቹ ጋር አብራ እንድትለካ ብለው ነው መለኪያውን ሳተላይቶቹ በተነሱ በ3 ቀናቸው ያበሩት። ትንሽ ቢዘገዩ የቀለበቱን አፈጣጠር ሳያዩት ይቀሩ ነበር። ከ4 ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ መስቀል ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ከፀሐይ ወገን የመጣ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ጠራርጎ ወሰደው። ማለትም አዲሱን ዓመት 2005ን የተቀበልነው ሦስት ቀበቶ ታጥቀን ነው። መጀመሪያ ያዩት ሰዎችም መሣሪያችን ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ፈትሸዋል። እኔ ግን ምኑን እፈትሻለሁ! ስንጥቁን ለሰንኩት።

ማታ በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ አዌቱ ድልድይ ላይ መልሱ መጣልኝ። «ዶክተር፣ አጥፋው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ብዬ እዚያው በሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። ለብቻዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ለማመድኩት። ባለባጃጁ በመስታወት አየኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን «አጥፋው» አላሉኝም። ያሉት «ይሄ ነገር ዓይን ይረብሻል፤ ቆንጆ አድርገው» ነው። ቆንጆ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

አሁንም አብረን ነው የምንሠራው። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን ግራፍ ቀን ጽፌበት ለብቻው አስቀምጣለሁ። «ቆንጆ አድርገው» ሲሉኝም ምን ማለታቸው እንደሆነ በቴሌግራም ጽፌ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸው ግን አንድም ቀን ጽፈው መልሰውልኝ አያውቁም። ይደውላሉ።